ሰባ ሁለት ደረጃና አንድ እግር

«"ይመታል" ትላለች። ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ሰቅላ፣ "ይመታል፣ በቃ፣ ቀጣዩ አልጋ።" እኔ ይኸው ሩብ ሰዓት ሙሉ ስዳብስ የሚመታ ነገር አጣሁ። ወይ የኔ ጣት ሞቷል፣ ወይ የሰውየው እግር።»

ዋናዋ ነርስ ዶክተሯን ስትቀዳት ልክ ናት። ያ ጎርነን ብሎ ጫፉ ላይ ሰበር የሚል ድምፅ፣ ያ የአገጭ አሰቃቀል፣ ያ "በቃ" ሲባል አየሩን እንደ ቢላ የሚከፍል መዳፍ፣ አንድ አይቀራትም። ሌላ ቀን ቢሆን አራተኛ ፎቅ ያለ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። የዛን ቀን የሳቀ የለም። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ አልጋ ገፊው ባዶ አልጋውን ግድግዳ አስደግፎ ጆሮውን ቀስሯል፣ እሷ ደግሞ ድምፄን ልቀንስ አላለችም።

«ሲስተር፣ ቀስ በይ እንጂ» አላት ቀጭኑ።

ቀጭኑ የሚሉት ሬዚደንቱን ነው። የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ተምሮ ሊጨርስ ሦስት ሳምንት የቀረው፣ ወረቀቱ ላይ የዶክተሯ ፊርማ ብቻ የጎደለው ሐኪም።

«ለምን ቀስ እላለሁ? ሰውየው እንዳይሰማ? ወገቡ ላይ በሰካችሁለት ማደንዘዣ እግሩ ላይ ድንጋይ ቢወድቅም ዛሬ አያውቅም። አንተ ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ጠዋት ካርዱ ላይ "ይመታል" ብለህ የጻፍከው በጣትህ ሰምተህ ነው በጆሮህ?»

ቀጭኑ ካርዱን አየ፣ ጫማውን አየ። በጆሮው ነበራ። ዶክተሯ "ይመታል" ስትል ሰማ፣ ጻፈ።

«እና መሳቢያውን እንክፈተው። ማሽኑን እናምጣ» አለች ነርሷ።

«ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

«እኮ። ሂድ ጥራታ።»

«አንቺ ጥሪያት።»

«እኔ ከጠራኋትማ ሌላ ነገር ነው የምላት።»

ማሽን የሚሏት እጅ የምታህል መሣሪያ ናት፤ ቆዳ ላይ ሲያስጠጓት ውስጥ የሚሄደው ደም ሽው ሽው እያለ ይሰማባታል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዷ ብቻ ናት፣ እሷንም ዶክተሯ ቆልፋባታለች። ማሽን የለመደ ጣት ይሰንፋል ባይ ናት። መጀመሪያ ጣት፤ ጣት ካገኘ ማሽን አይወጣም። ሕግ ነው።

መስኮቱ ሥር፣ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው ልብስ ሰፊ ነው። ስድሳ አምስት ሞልቶታል። አርባ ዓመት በቀኝ እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጫ እየረገጠ አምስት ልጅ አሳድጓል፣ የተዘጋውም ያው የቀኝ እግሩ ደም ሥር ሆነ። ትናንት ዶክተሯ ከራሱ ጭን የደም ሥር አውጥታ፣ ከብሽሽቱ እስከ ጉልበቱ ታች አዲስ መንገድ ሠራችለት፣ ደሙ የተደፈነውን ትቶ በዛ እንዲዞር። ከቀዶ ክፍል ሲወጣ እግሩ ሞቆ፣ ቀልቶ፣ የሕፃን ጉንጭ መስሎ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተሯ መጣች። እግሩን ነካች፣ "ይመታል" አለች፣ የነካችበት ቦታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የመደመር ምልክት አደረገች። ሚስቱ «ትንሽ ቀዝቀዝ አላለም?» ብትላት «ክፍሉ ነው የሚበርደው፣ ካልሲ አድርጊለት» አለቻት። ሚስትየዋ ቦርሳዋን ከፍታ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አወጣች፣ እስከ ባቱ ጎትታ አለበሰችው፣ ከላይ መታ መታ አደረገችው። ከዛ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ እግሩን ያየ የለም።

ካልሲውን ያወለቀችው ዋናዋ ነርስ ናት። አውልቃ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው። እግሩ ሻማ መስሏል። ከተረከዙ ጀምሮ ቀጭን ሐምራዊ መረብ ወደ ላይ ይዞታል። ሰማያዊዋ ምልክት ግን እንዳለች ናት፣ ቁልጭ ብላ።

ደም ያጣ እግር ስድስት ሰዓት ነው ያለው። ይህን እዛ ፎቅ ላይ ወለል የሚወለውለው ሰው ሳይቀር ያውቃል፣ ዶክተሯ ጠዋት ማታ ስለምትለው። ማንም የማያውቀው ስድስቱ ሰዓት መቼ እንደጀመረ ነው።

ዶክተሯን ከኋላዋ ዝም-በሉ ይሏታል። ጣቷን ሰው እግር ላይ ስታሳርፍ «ዝም በሉ» ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ የሚያስነጥስ ሰው ካለ በሩን ከፍቶ ይወጣል። ሃያ ስምንት ዓመት እዚሁ ፎቅ ላይ ሠርታለች። አርባ አንድ የደም ሥር ሐኪም አስተምራ አውጥታለች፣ ቀጭኑ አርባ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም እሱ በሚመረቅበት ሳምንት እሷ ጡረታ ትወጣለች። ለመሸኛው ዕለት የሕይወት ታሪኳ ይነበብ ተባለ። ሐኪሞቹ ጊዜ የለንም አሉ፣ ነርሶቹ ፈሩ። አልጋ ገፊው ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ወሬ አያቋርጥም ተባለና ደብተሩ ለሱ ተሰጠ።

የሚጻፍ ነገር ሞልቷል። አባቷ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሥራዋን ለሚጠይቃት «ያባቴን ሥራ ነው የያዝኩት፣ የኔ ቧንቧ ስትነካው ይጮሃል እንጂ» ትላለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ስኳር ያለባቸውን በሽተኞች የእግር ጥፍር ራሷ ትቆርጣለች፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ። ሬዚደንቶቿ ሳፋ ይይዛሉ። አንዱ ሆድ ብሶት «ዶክተር፣ አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው?» ቢላት «አይደለም የኔ ልጅ፣ ለዚህ ገና አልተማርክም፣ ሳፋውን ቀና አድርገህ ያዝ» አለችው። ቤታቸው ለላከቻቸው ሰዎች ስልክ ትደውላለች፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ዛሬ እግርህን አይተኸዋል?» ነው። የአንዱ ሚስት «በዚህች ሴት የተነሳ የባሌን ፊት ረስቼዋለሁ፣ መንገድ ላይ ባገኘው ጫማውን ካላወለቀ አላውቀውም» ብላለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የደረጃው ነገር ነው።

«ጣታችሁ ውስጥም ደም ይመታል» ትላቸዋለች አዳዲሶቹን። «የሞተ እግር ላይ ጣታችሁን ስታሳርፉ፣ ማግኘት ስለምትፈልጉ፣ የራሳችሁን ትርታ ሰምታችሁ የበሽተኛው ይመስላችኋል። ሌባው በገዛ እጃችሁ ውስጥ ነው ያለው። በምን ትይዙታላችሁ?»

ምድር ቤት ይዛቸው ትወርዳለች። ከዛ ሰባ ሁለት ደረጃ፣ በሩጫ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ። እያለከለኩ ይደርሳሉ፣ ትንፋሽ ሳይሰበስቡ እግር ይነካሉ። ልባችሁ እየጋለበ ነው፣ ትላለች። ጣታችሁ ሥር የሚጋልብ ከተሰማችሁ የናንተ ነው፣ እርሱት። ከሥሩ ዝግ ብሎ የሚመታ ሌላ ካገኛችሁ የሱ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት፣ እሷ ከፊት እነሱ ከኋላ። አንድ ጠያቂ እነዚህ ነጭ ጋዋኖች ሲሮጡ አይቶ እሳት የተነሳ መስሎት አማቱን ከነብርድ ልብሷ ተሸክሞ ወርዷል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ሬዚደንት ሳለች የአንድ ግንበኛ ክንድ ነክታ "ይመታል" ብላ ጻፈች፣ ምሳዋን በላች። ስትመለስ ክንዱ ጠቁሯል። የመታው የሷ ጣት ነበር። ግንበኛው ጡብ የሚደረድርበትን እጁን እዛው ጥሎ ሄደ፣ ለሷም ምንም አላላትም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች። ደረጃውን ያመጣችው ከዛ በኋላ ነው፣ ከዛም ወዲህ ሳተች የሚል ሰው አልተገኘም።

ከአራት ወር በፊት ግን ቀዶ ክፍል ውስጥ ቆማ ልቧ እንደተያዘ ወፍ ተንፈራገጠባት። ለማንም አልተነፈሰችም፣ ለባሏ ብቻ ነገረችው። ባሏ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው፣ ቤት ከዋለ ወዲህ ጨዋታው የበዛበት። ሐኪም አይቷት የታዘዘላትን ክኒን እሱ ነው የሚይዘው፣ ልብ የምታረጋጋ ትንሽ ነጭ ክኒን። ጠዋት ጠዋት ማንኪያ ላይ አድርጎ ከሻይዋ ጋር ያቀርብላታል።

«ይኸው ልጓምሽ» ይላታል። «ይቺን የዋጠ ልብ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ተረጋግቶ ቁጭ ብሎ ጫማውን ነው የሚያስረው።»

«አንተ ቀልድህን አትጨርስም።»

«ለሥራ ቦታሽ ንገሪያቸው።»

«ሊሸኙኝ ወር ለቀራቸው ሰዎች? ከንፈር እንዲመጡልኝ ነው?»

«ደረጃውንስ ተዪው ቢያንስ።»

«ደረጃውን ከተውኩማ ዛሬውኑ ልሂድ።»

አልተወችውም። ላቧ ይወርዳል፣ ጉልበቷ ይዝላል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የብረቱን መደገፊያ ትይዛለች። ልቧ ግን በደቂቃ ስድሳ ምት ላይ ቁጭ ብሏል። ሐኪም ናት፣ ክኒኗ የምትሠራውን ከማንም በላይ ታውቃለች። ነገር ግን ክኒኗን የምታውቃት ቤት ውስጥ ነው፣ ደረጃውን ሆስፒታል ውስጥ። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አይታቸው አታውቅም።

ነርሷና ቀጭኑ "አንተ ጥራ፣ አንቺ ጥሪ" ሲባባሉ የልብስ ሰፊው ሚስት ተነሳች። ማንንም አላስፈቀደችም። ባዶውን ካልሲ እንደያዘች ደረጃውን ወርዳ፣ ምድር ቤት ዶክተሯ ያለችበት ተመላላሽ ክፍል በር ላይ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አልፋ ገባችና «ዶክተር፣ የባሌ እግር እንደ ብረት ሆኗል፣ ልጆችዎ ደግሞ ፈርተውዎት ቆመዋል» አለቻት።

ዶክተሯ ሰባ ሁለቱን ደረጃ ወጣች። ደረሰች። እግሩን አየችው፣ ቀለሙን አየች፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተነበበም።

«ዝም በሉ።»

ሁለት ጣቷን ሰማያዊው ምልክት ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ልብስ ሰፊው ጣራውን ያያል። ሚስቱ የአልጋውን ብረት ይዛለች። በሩ ላይ አልጋ ገፊው ባዶ አልጋውን ይዞ ቆሟል።

አለ። ከጣቷ ሥር አንድ ነገር መታ። ቆይቶ ደግሞ መታ። ዝግ ያለ፣ ያልተቸኮለ፣ ልክ እንደምታስተምረው። ትከሻዋ ወረደ።

«አለ» አለች።

ነርሷ አልተከራከረችም። ዞራ የልብስ ሰፊውን እጅ አንጓው ላይ ያዘች፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ቆጠረች። ስትጨርስ ያ ሁሉ ምላሷ ጠፍቶ፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው።

«እጁ ላይ መቶ አራት ነው። አንቺ ጋ ስንት ነው?»

ዶክተሯ ጣቷን ሳታነሳ ቆጠረች። አሥራ አምስት ሰከንድ፣ አሥራ አምስት ምት። ስድሳ።

አንድ ሰው ሁለት ልብ የለውም።

ያኔ ነው ሻይዋ፣ ማንኪያው፣ ነጯ ክኒን፣ "ጫማውን ነው የሚያስረው" ያለው የባሏ ድምፅ፣ ሁሉም ተሰብስቦ እዛ ቀዝቃዛ እግር ላይ የመጣባት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይም ስድሳ ነበር። ትናንትም ስድሳ ነበር። ባለፈው ሳምንትም። አራት ወር ሙሉ ስንት እግር ላይ በዚህ ጣት የመደመር ምልክት አድርጋለች? ልቧ ግን ይህን ሁሉ እየሰማም አልፈጠነም። ይኸው ነው የሚያስፈራው፣ አልፈጠነም።

ከማንም በፊት አፉን የከፈተው ቀጭኑ ነው። «አሁን ነው የተዘጋው ማለት ነው ዶክተር። ደሙ ድንገት ረግቶ ነው። ጠዋትማ ይመታ ነበር፣ እኔም ነክቼዋለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ወደሱ ዞረ። ማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፍቶላታል። አዎ ብትል አለቀ፣ ደሙ ረጋ፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ የመሸኛው አበባም አይጠወልግም። ዶክተሯ ተማሪዋን አየችው። አምስት ዓመት አስተምራዋለች፣ ስፌቱ ከሷ ስፌት አይለይም። ለሷ ሲል የተናገረው ውሸትም እንደ ስፌቱ የጸዳ ነው።

«ጠዋት ምን ነካህ?» አለችው።

«ዶክተር...»

«ደረጃውን ወጥተህ ነበር። ጣትህ ሥር ምን ነበር?»

«የሚጋልብ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልነበረም። እርስዎ ዝግ ያለ አለ ሲሉ፣ እኔ ያላገኘሁት መስሎኝ...»

«እኔም የራሴን ነው የነካሁት» አለች። እጇን ኪሷ ከታ የመሳቢያውን ቁልፍ አወጣችና ለነርሷ ሰጠቻት። «የልብ ክኒን እወስዳለሁ። ደረጃ ብወጣም ልቤ አይሮጥም። ማሽኗን አምጪና ሁሉንም አልጋ ዙሪ። አንተ፣ ታጠብና ግባ። ሰውየውን አንተ ነህ የምትከፍተው፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

አልጋ ገፊው ልብስ ሰፊውን ይዞ ወደ ሊፍቱ ሮጠ። ሌላ ጊዜ የሚበላሸው ሊፍት የዛን ቀን ሠራ። ባይሠራ ይሻል ነበር ይላል አሁን፣ ለባከነው ሰዓት የሚያማርርበት አንድ ነገር ያገኝ ነበር።

ቀጭኑ ጫፏ ላይ ፊኛ ያላት ቀጭን ቱቦ ሥሩ ውስጥ ሰዶ የረጋውን ደም ጎትቶ አወጣው። ጥቁር፣ ረጅም፣ እንደ ትል። ስምንት ሰዓት ላይ ደሙ ወደ እግሩ ወረደ። ማሽኗ ሽው አለች። ቀጭኑ ፈገግ ሊል ሲል ዶክተሯ «ገና ነው» አለችው። ባቱ እንደ ድንጋይ እየጠጠረ ነበር፣ ደም አጥቶ የቆየ ሥጋ ደም ሲመጣለት ያብጣል። ግራና ቀኙን ቀደው ከፈቱለት። ከውስጥ የወጣው ሥጋ ቀለሙ ልክ አልነበረም። በመቆንጠጫ ሲነኩት መሸማቀቅ ነበረበት። አልተሸማቀቀም።

ነርሷ ማሽኗን ይዛ አሥራ ስድስቱን አልጋ ዞረች። ሁሉም ሽው ይላል። ቤታቸው ለተላኩት ስልክ ተደወለ፣ አንድ በአንድ፣ "ዛሬ እግርህን አይተኸዋል?" እየተባለ። ሁለቱ ስልክ አላነሱም። በማግስቱም አላነሱም። ዶክተሯ የሁለቱን ቁጥር እጇ ጀርባ ላይ በሰማያዊው እስክሪብቶ ጽፋ ትዞራለች፣ ስትታጠብ ይጠፋል፣ መልሳ ትጽፈዋለች።

ቤትም ነገሩ ቀላል አልነበረም፣ የሆነውን ሁሉ ለባሏ ነግራዋለች። ባሏ ማንኪያውን ይዞ ሲቀርባት አየችው።

«እኔ ነኝ ልጓም ብዬ የሳቅኩት» አላት። «ፋርማሲስት ነኝ እኮ። አንቺስ የራስሽ ነው፣ ሰው የራሱን አያይም። እኔ ምን ሆኜ ነው?»

«ስጠኝ ክኒኗን» አለችው። ዋጠቻት። የዛን ቀን ቀልድ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እግሩ ከባቱ በታች ጠቆረ። ሽንቱም መጥቆር ጀመረ። የሞተው ሥጋ መርዙን ወደ ኩላሊቱ እየላከ ነው ማለት ነው። ዶክተሯ ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሚስቱ ከወዲያ ማዶ ነበረች፣ ካልሲውን ጭኗ ላይ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ስጨርስ ይሰድቡኛል» አለችው።

«ሐኪም አይሰደብም፣ ኋላ መርፌው ይወፍራል» አለ ልብስ ሰፊው። ከንፈሩ ደርቋል።

ነገረችው። ጣቷን፣ ክኒኗን፣ ደረጃውን፣ ሦስቱን ሰዓት። ሳታሳምር፣ ሳታለቅስ።

«በጊዜው ቢታወቅ ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማስረጃ የለኝም።»

«ካልሲውን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ።

«ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ያለው ሰውዬ ሬዲዮኑን ዘጋ።

«አሁንስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ከጉልበትዎ በታች ይቆረጣል። ዛሬ። ከቆየ ከነነፍስዎ ይዞዎት ይሄዳል።»

«ማነው የሚቆርጠው?»

«ቀጭኑ ሐኪም። ጎበዝ ነው፣ ወረቀቱንም ፈርሜለታለሁ፣ ሲዋሽ እንደያዝኩት ከነገርኩት በኋላ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ቢላ አልይዝም ብዬ ለኃላፊው ጽፌያለሁ።»

ልብስ ሰፊው ለመቀመጥ ሞከረ፣ ሚስቱ ጀርባውን ደገፈችው። እስከዛሬ እርስዎ ሲላት የነበረ ሰው፣ ያኔ ነው የተወው።

«አየሽ» አላት። «ሱሪ አበላሽቼ ስሰፋ፣ ተማሪዬን እንካ ፍታው ብዬው አላውቅም። ስፌቱ የኔ ነው። ደንበኛው ፊቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ፣ ላቤ ጠብ እያለ፣ ክር በክር የምፈታው እኔ ነኝ። ልጁ ምን አጠፋ? እሱ ሌላ ጊዜ የራሱን ይፈታል። አንቺ ነሽ የምትቆርጪው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ጣትሽ የሚሳሳተው ሲያዳምጥ ነው ወይስ ሲቆርጥ? ንገሪኝ።»

«ሲቆርጥ አይሳሳትም።»

«እንግዲያው ሌላ ወሬ የለም። ሌላ ሰው ቢነካኝ አልፈርምም፣ መርዙም ይውሰደኝ።»

ሚስቱ «አንተ ሰውዬ» አለች። ዶክተሯ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቆየች። የሁለቱ ስልክ ቁጥር እዛው የእጇ ጀርባ ላይ ነበር። ከዛ ተነስታ፣ ያን ዕለት ደረጃውን አልሮጠችም፣ መደገፊያውን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ቀዶ ክፍል ወረደች።

አልጋ ገፊው ልብስ ሰፊውን ይዞ ሲደርስ ዶክተሯ ታጥባ፣ አፏን ሸፍና፣ የቀዶ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ዋናዋ ነርስ ከጎኗ፣ ቀጭኑ ከኋላዋ። በበሩ መስኮት መብራቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኗል። አልጋ ገፊው አልጋውን በሆዱ ደግፎ፣ በር ላይ ሆኖ ስለ ሱሪው የሰማው ሳይጠፋው ደብተሩን አወጣ፣ ቸኩሎ ይጭር ጀመር።

«ምንድነው የምትጽፈው?» አለችው ዶክተሯ።

«የመሸኛውን ነው ዶክተር። ታሪክዎን።»

«ስለዚህ እግር ምን አልክ?»

አልጋ ገፊው ገጹን ገለጠ። «"ደሙ ድንገት ረጋ" ነው ያልኩት።»

«ሰርዘው።»

ሰረዘው።

«የራሷን ጣት ሰምታ የሰውየው ነው አለች በል። ከነክኒኗ።»

ጻፈው። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጋ ገፊው ግን ብዕር ከያዘ አይለቅም፣ መብራቱን፣ ባዶውን ጠረጴዛ፣ ቀጭኑ እንዴት እንደቆመ እያለ ቀጠለ። ዶክተሯ ጓንት ያጠለቀ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ ምንም ሳትነካ፣ ጠበቀችው። ጠበቀችው።

«አሁን መጻፉን አቁም» አለችው። «ሁለቱም እጅህ አልጋው ላይ ይሁን። የበሩን ደፍ ሲያልፍ ጋሼን እንዳይነቀንቃቸው።»